ዳውላውን ፈርተን

ከጅማ ቦንጋ 100 ያህል ኪሎ ሜትር ለምትመላለስ ቶዮታ ቪትዝ መድኃኒቱ ሞላና አሞርዛተሩን አጣምሮ የያዘ ረጅም የኋላ እግር መግጠም ነው የሚሉኝ አሉ። አልቀበልም! ለመሆኑ፣ ፋብሪካው ሁለቱን ለየብቻ ያስቀመጣቸው ለምን ይመስላቸዋል? ክብደት የሚሸከመው ሞላው ነው፤ አሞርዛተሩ ንዝረት ያበርዳል እንጂ ሸክም አያውቅም። ሲጣመሩ ሸክሙ ሁሉ አሞርዛተሩ ወደሚታሰርበት ላሜራ ይዞራል፤ ላልተሠራበት ሸክም የተዳረገ ላሜራ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። ከፍ ያለች መኪና ደግሞ በጠመዝማዛ መንገድ ለመገልበጥ ትቀርባለች። በውስጧ ያለው ሰው ነው!

ያረጀውን ሞላ በዓይነቱ መለወጥ፣ ሰውና ቡና ደራርቦ መጫንን መተው ይበቃ ነበር። አበው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይላሉ። እኛ ግን ዳውላውን ፈርተን አህያይቱን እንቀጠቅጣለን።