ምልክቱ የቀረ ቁስል



በ1960 ዓ.ም. የሞጣና የብቸና አውራጃዎች ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ባመፀ ጊዜ፥ ዐመፁን ለማብረድ ወደ ጎጃም ጦር ሠራዊትና የጦር አውሮፕላን ተልኮ ነበር። ኋላ ውዝፉ ግብር በምሕረት ቀረ፤ የሞተው ግን አልተመለሰም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም ጦርነት ያንኑ አገር ዳግመኛ ጐበኘው። እንዲህ ያለ መከራ ያየ ሰው ተኩሱ ካለፈ በኋላ እንኳ በሌሊት ይባንናል፤ በር ሲንኳኳ ይደነግጣል፤ ከሰውም ይርቃል።

ቤተ ሰቡም በቅን ልቡና፥ «እርሳው፤ እምነት ያለው አያዝንም» ይለዋል። ይህ ግን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም። ጌታችን በአልዓዛር መቃብር አጠገብ አልቅሷል። ከሙታን በተነሣ ጊዜም የችንካሩን ምልክት አላጠፋውም፤ በዳግም ትንሣኤ እንደምናስበው፥ ለቶማስ አሳየው እንጂ። እንግዲህ መዳን የሆነውን እንዳልሆነ መቍጠር አይደለም፤ ቁስሉ ሽሮ ምልክቱን ያለ ፍርሃት ለማሳየት መቻል ነው።

ስለዚህ ያዘነውን አድምጡት፤ መናገር ባልፈለገ ጊዜም አታስገድዱት። ለንስሐ አባቱ ልቡን እንዲገልጥ እርዱት፤ በጸሎት፥ በጸበልና በማኅበር ብቸኝነቱን አርቁለት። በዳዩን ይቅር እንዲል አታጣድፉት፤ ይቅርታ በጊዜው የሚበስል ፍሬ ነውና። እንቅልፍ ቢያጣ ወይም ሞትን ቢመኝ፥ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ጸበልና ሕክምና አይጣሉም፤ ወንጌላዊው ሉቃስ ራሱ ባለ መድኃኒት ነበር።

በቁስሉ የፈወሰን አምላክ ቤታችሁን ያጽናና። አሜን።