ለተከበሩ የአማራ ክልል ከተማና መሠረተ ልማት ቢሮ ኃላፊ፦ የባለይዞታው አቤቱታ በየት በኩል ይግባ?

የተከበሩ ኃላፊ፣

የምጽፍልዎ ከደጀን ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ስላሉት ስለ ብቸናና ስለ ሞጣ ባለይዞታዎች ነው። የማዘጋጃ ቤት ደጅ የጠና ሁሉ ጉዳዩን ስለሚያውቀው በአደባባይ ማንሣቱን መረጥኩ።

የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መዋቅራዊ ፕላን ለ10 ዓመት እንደሚያገለግል ይደነግጋል፤ ሲዘጋጅም ሕዝብ እንዲወያይበት ያዛል። ፕላን አያስፈልግም አልልም። መንገዱና የጎርፍ መውረጃው ሳይታሰብ የተቆረቆረ ከተማ ዕዳው ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ነገር ግን አንድ ሰፈር አረንጓዴ ቦታ ተብሎ ተመድቦ፣ ፓርኩ ሳይሠራ፣ ካሳውም ሳይከፈል ዓመታት ቢያልፉስ? ባለይዞታው ካርታውን ይዞ የግንባታ ፈቃድ ሲጠይቅ መልሱ "ፕላኑ አይፈቅድም" ነው። ቤቱ እያፈሰሰ፣ ልጆቹ እያደጉ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

እንግዲህ ልጠይቅዎ። ምደባው እንዲነሣላቸው የሚፈልጉ ጎረቤታሞች አቤቱታቸውን ለማን ያስገቡ? ለማዘጋጃ ቤቱ፣ ለከተማው ምክር ቤት ወይስ ለእርስዎ ቢሮ? ስንት ሰው ቢፈርም ጉዳዩ ለውይይት ይቀርባል? መልሱ በስንት ቀን ይሰጣል? ውድቅ ከሆነስ ምክንያቱን በጽሑፍ የሚሰጠው፣ ይግባኙንስ የሚሰማው ማን ነው? መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ አቤቱታ ሰሚና ይግባኝ ሰሚ እንዲኖር አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደንግጓል። ሳይወሰድ ታስሮ የተቀመጠ ይዞታ ባለቤትስ ሰሚው የት ነው?

ለንጽጽር ያህል፣ በአሜሪካ ሞንታና ግዛት ከባለንብረቶች 60 በመቶው ፈርመው ለአካባቢያቸው የመሬት አጠቃቀም ክልል እንዲቋቋም ማመልከት ይችላሉ። መሬት እዚያ የግል፣ እዚህ የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን አልዘነጋሁም። ቁጥሩን እንቅዳ ማለቴም አይደለም። የእነሱ ፈራሚ ስንት ፊርማ እንደሚበቃው አስቀድሞ ያውቃል፤ የብቸናና የሞጣውም ይወቅ ነው የምለው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብን፣ በአንቀጽ 43 በልማት ጉዳይ የመሳተፍን መብት ሰጥቶታልና።

በክልላችን ባለው የሰላም እጦት የተነሣ ነዋሪን ሰብስቦ ማወያየት ከባድ መሆኑን እረዳለሁ። ሆኖም የጽሑፍ አቤቱታ ስብሰባ አይፈልግም፤ ተቀብሎ ቁጥር የሚሰጥ መዝገብ ቤት ይበቃዋል። በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የዜጎች ቻርተር አገልግሎት በተወሰነ ጊዜ እንደሚሰጥ ቃል ይገባል። ያ ቃል ፕላንንም ይጨምራል?

የአቤቱታውን አቀራረብ፣ የፈራሚውን ቁጥርና የመልሱን ቀን የሚወስን መመሪያ ካለ በሁለቱም ከተሞች ማዘጋጃ ቤት የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ ከሌለ ቢሮዎ ያውጣ። መልስዎንም ይህን ደብዳቤ በሚያነበው ሕዝብ ፊት እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የምሥራቅ ጎጃም ነዋሪ