አብራሪ ለመሆን የሀብታም ልጅ መሆን ግድ ነውን?



ልጅ «አብራሪ መሆን እፈልጋለሁ» ሲል የብዙ ወላጅ ልብ የሚደነግጠው በወጪው ነው። በእርግጥም ትምህርቱ ርካሽ አይደለም፤ አሜሪካ ውስጥ እስከ መጨረሻው ለመድረስ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይፈልጋል። ሆኖም እዚያ በረራ በሰዓት እየከፈሉ የሚማሩት ነገር በመሆኑ፣ በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ቅደም ተከተሉን ካወቁ ያለ ወለድ ብድር ቀስ በቀስ ሊወጡት ይችላሉ።

በመደበኛው መንገድ ሕጉ ለግል አብራሪነት ፈቃድ ቢያንስ 40፣ በክፍያ ለመብረር ለሚያስችለው የንግድ ፈቃድ ደግሞ 250 የበረራ ሰዓት ይጠይቃል።

አንደኛ፦ ከክፍያ በፊት ጤና ይታይ። አየር መንገድ ለመቀጠር ያሰበ ሰው የአንደኛ ደረጃ የአብራሪ ሕክምና ምርመራ ያድርግ። እንቅፋት ካለ ገንዘቡ ከፈሰሰ በኋላ ሳይሆን አስቀድሞ ይታወቅ። የአሜሪካ ዜግነት የሌለው ደግሞ ለሥልጠናው የመንግሥትን የደኅንነት ፈቃድ አስቀድሞ ማግኘት አለበት።

ሁለተኛ፦ ንድፈ ሐሳቡን ቤት ተቀምጠህ አጥና። የግል ፈቃዱ የጽሑፍ ፈተና 60 ጥያቄ ሲሆን ማለፊያው 70 ከመቶ ነው። ከመጽሐፍ ሊገኝ የሚችለውን ትምህርት ሞተር እየሠራ መማር ገንዘብን ማቃጠል ነው።

ሦስተኛ፦ በወር አንድ ጊዜ እየበረርክ አትንገላታ። በመካከሉ እጅ ይረሳል፤ ለአንድ ትምህርት ሁለቴ ትከፍላለህ። ሠርተህ አጠራቅምና በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ብረር። የሙሉውን ኮርስ ክፍያ ግን በአንድ ጊዜ አታስረክብ፤ ትምህርት ቤቱ ቢዘጋ ማስመለሱ ከባድ ነው።

አራተኛ፦ የበረራ ክበቦችን ጠይቁ። አባላቱ አውሮፕላኑን በጋራ ስለሚይዙት የሰዓቱ ዋጋ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ሞተር በሌለው ግላይደር ደግሞ ልጅ በ14 ዓመቱ ብቻውን መብረር ይፈቀድለታል፤ በሞተር አውሮፕላን 16 ዓመት መሙላት አለበት።

ትልቁ ጥያቄ ከ250 በኋላ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2009 ቡፋሎ አጠገብ 50 ሰው ከሞተበት አደጋ በኋላ ሕጉ ጠብቆ፣ ከ2013 ጀምሮ የአየር መንገድ ረዳት አብራሪም በአብዛኛው 1,500 ሰዓት ይጠየቃል። በታወቁ ዩኒቨርሲቲዎች የአቪዬሽን ዲግሪ ለያዘ 1,000 ሊበቃ ይችላል። ይህን ሁሉ ሰዓት ከኪስ የሚከፍል ጥቂት ነው። ብዙዎቹ የአስተማሪነት ፈቃድ አውጥተው ሌሎችን ያስተምራሉ፤ ሰዓቱ ይቆጠርላቸዋል፣ ደመወዝም ያገኛሉ።

እህቶች ሆይ፣ ይህ የወንዶች ብቻ ጉዳይ አይምሰላችሁ። ጥቁር አሜሪካዊቷ ቤሲ ኮልማን በቺካጎ የጥፍር ሠራተኛ ሆና ገንዘብ አጠራቀመች፤ የአገሯ ትምህርት ቤቶች ቢዘጉባት ፈረንሳይኛ ተምራ ወደ ፈረንሳይ ተሻገረች። እ.ኤ.አ. በ1921 ፈቃዷን ያዘች።

ወላጆችም የልጃችሁን ምኞት ገና ከአፉ ሳይወጣ አትቁረጡት። አብራችሁ ቁጭ በሉና ሒሳቡን አስሉ። የመጀመሪያው እርምጃ የጤና ምርመራው ነው፤ ቀሪው ኢንሻአላህ በትዕግሥት ይደረስበታል።