የድኻዋ እናት ልጅ የት ይዋል?

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

በከበረው ጋዜጣዎ ስለ ቤት እጥረት፣ ስለ መብራትና ስለ ውኃ ብዙ ሲጻፍ እናነባለን። መጻፉም ተገቢ ነው። ነገር ግን እናታቸው እንጀራ ፍለጋ ስትወጣ በእነዚያ ጠባብ ቤቶች ውስጥ ስለሚቀሩት ሕፃናት የሚጻፈው ጥቂት ስለ ሆነ፣ እኔም በበኩሌ ያለኝን አሳብ ለአንባብያን ለማቅረብ ፈለግሁ። አሳቤም በአጭሩ ይህ ነው፤ የድኻ እናት ልጅ የሚውልበት ቦታ እንደ መንገድና እንደ ቧንቧ ውኃ ሁሉ ከሕዝብ ገንዘብ በጀት ሊቆረጥለት ይገባል።

የቀበሌ ቤት የምንለው በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. በወጣው በዐዋጅ ቁጥር 47/1967 ከተወረሰው ትርፍ ቤት ውስጥ ኪራዩ ዝቅተኛ የነበረው መሆኑ የታወቀ ነው። ከዚያ ወዲህ ኀምሳ ዓመት አልፎአል። በደብረ ታቦርም ሆነ በሌሎች ከተሞቻችን፣ በእነዚህ ቤቶችና በየግቢው በሚከራዩት አንዳንድ ክፍሎች የሚኖሩት እናቶች ጠላ ጠምቀው፣ አረቄ አውጥተው፣ እንጀራ ጋግረው፣ ድንችና ሽንኩርት ቸርችረው፣ ወይም በግንባታ ሥራ ድንጋይና አሸዋ ተሸክመው የሚያድሩ ናቸው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ በጋይንት በኩል ወደ ደብረ ታቦር ከተጠጋ ወዲህ፣ ከዚያም በኋላ በክልላችን ጸጥታ በመደፍረሱ፣ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ እናት ሸክም እንደ ከበደ ማንም አይክድም።

እንዲህ ያለችው እናት ያላት ምርጫ ሦስት ብቻ ነው። አንደኛው ሕፃኑን አዝላ መሄድ ነው፤ የጉና ነፋስ በሚነፍስበት ገበያ ከጧት እስከ ማታ በጀርባ ላይ የዋለ ሕፃን ሳል አይለየውም። ሁለተኛው በር ዘግታበት መሄድ ነው፤ በተዘጋው ቤት ውስጥ ምድጃው፣ የፈላው ውኃና የኤሌክትሪኩ ሽቦ ከሕፃኑ ጋራ አብረው ይውላሉ። ሦስተኛው ታላቂቱን ልጅ ከትምህርት አስቀርታ ታናሿን ማስጠበቅ ነው።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ስለ ሆንሁ በየጊዜው የማየው ይህን ሦስተኛውን ነው። በገበያ ቀን ስም ስጠራ «አቤት» የማይልልኝ አብዛኛውን ጊዜ የሴት ልጅ ስም ነው። በማግስቱ ስትመጣ ምን ሆነሽ ነው ብትባል «ሕፃን ይዤ ነው» ትላለች። የትምህርቱ ዘመን 40 ሳምንት ያህል ቢሆን፣ በሳምንት አንድ ቀን የቀረች ልጅ 40 ቀን ታጣለች፤ ይህም ማለት ስምንት ሙሉ የትምህርት ሳምንት ነው። በፈተና ስትወድቅ ግን ሰነፍ ትባላለች እንጂ ሞግዚት ነበረች የሚላት የለም። እንግዲህ የሕፃናት መዋያ መታጣቱ የሚጎዳው አንድ ልጅ ሳይሆን ሁለት ልጅ መሆኑን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

ሕጋችን ይህን ነገር ፈጽሞ አልረሳውም። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ዐዋጅ ቁጥር 1064/2010፣ መሥሪያ ቤቶች ሴት ሠራተኞች ሕፃናታቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዞ ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ለወላድ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋራ ፈቃድ ሰጥቶአል። ሁለቱም መልካም ናቸው። ነገር ግን ጠላ ሻጪቱን የቀጠራት ማን ነው? ፈቃድ የምትጠይቀው ከማን ነው? ደመወዝ ያላት እናት በሕግ ታሰበች፤ ሞግዚት ለመቅጠር ቀርቶ ለዕለት ጉርሷ የምትጨነቀው ግን ከዐዋጁ ውጭ ቀረች።

ትምህርት ቤትም ሕፃኑን የሚቀበለው ዘግይቶ ነው። የቅድመ መደበኛ ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ በ2002 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች «ኦ» ክፍል ተከፍቶ ለብዙ የድኻ ልጆች በር ሆኖአል። ይሁን እንጂ ይህ ክፍል አንደኛ ክፍል ለመግባት ለተቃረቡት ነው። ከአራስነት እስከ «ኦ» ክፍል ያሉት ዓመታት ባለቤት የላቸውም።

ይህን የመሰለ ሥራ በሕዝብ ገንዘብ መሥራት ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በደርግ ዘመን ብዙ የከተማ ቀበሌዎች መዋዕለ ሕፃናት ከፍተው ያስተዳድሩ ነበር። በገጠርም በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም፣ በእኛው ዞን በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳ፣ በእብናትና በሊቦ ከምከም ሲሠራበት፣ ነፍሰ ጡርና አራስ ከጉልበት ሥራ አርፋ ርዳታዋን እንድታገኝ፣ በሥራው ቦታም የሕፃናት መዋያ እንዲኖር በመመሪያው አስቦ ነበር። ከውጭ አገር ደግሞ ሕንድን እናንሣ። ሕንድ በ1968 ዓ.ም. የጀመረችው «አንጋንዋዲ» የሚባለው የሕፃናት ማእከል የየመንደሩን ሴት አሠልጥኖ፣ ከመንግሥት ክፍያ እየሰጠ፣ ሕፃናትን የሚመግብና የሚያስተምር ነው። ዛሬ ቁጥሩ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነው። ሕንድ ይህን ስትጀምር ሀብታም አገር አልነበረችም።

«አያት ምን ትሠራለች? ጎረቤትስ የለም ወይ?» የሚል ይኖር ይሆናል። አያትማ ያለችው ገጠር ነው፤ ለሥራ ወደ ከተማ የመጣችው እናት አያትን አስከትላ አልመጣችም። ጎረቤቲቱም በገበያ ቀን ገበያ ናት።

«በጎ አድራጊ ድርጅቶች ይሥሩት» የሚልም አይጠፋም። እኔ ራሴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርሁ ስለ ሆንሁ የበጎ አድራጊን ሥራ የምንቅ ሰው አይደለሁም። ሆኖም የበጎ አድራጊ ገንዘብ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነውና በደረቀ ቀን ሥራውም አብሮ ይደርቃል። ሕፃኑ ግን በማግስቱም የሚውልበት ቦታ ይፈልጋል።

«ቤት የለም» ለሚሉት ደግሞ ቤትስ አለ እላለሁ። በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሲሠሩ ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለእርድ ተብሎ የጋራ መገልገያ ቤት አብሮ ተሠርቶአል፤ በየቦታውም ለሱቅና ለመሰለው የተከራየ አለ። በእኛ ከተሞችም የስብሰባ ቀን ካልሆነ በቀር ተዘግቶ የሚውል የቀበሌ አዳራሽ ሞልቶአል። ስለዚህ ትልቁ ወጪ የሕንፃ ሳይሆን የሞግዚቶች ደመወዝና የሕፃናቱ ምግብ ነው። ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነውና ይህን ወጪ ከነልጁ መቀበል ይገባናል።

እንግዲህ በበኩሌ የሚከተለውን አሳብ አቀርባለሁ።

1ኛ/ የከተማ አስተዳደሮች የቀበሌ ቤትና የጋራ መኖሪያ በሚበዛበት ሰፈር ሁሉ ቢያንስ አንድ ክፍል ለሕፃናት መዋያ ይለዩ።

2ኛ/ ከዚያው ሰፈር የታመኑ ሴቶች ተመርጠው፣ በጤና ባለሙያ ሠልጥነው፣ በከተማው በጀት ደመወዝ ይቆረጥላቸው፤ ለእነርሱም የሥራ በር ይሆናል።

3ኛ/ እናቶች እንደ አቅማቸው ጥቂት ያዋጡ፤ የሌላት ግን በማጣቷ ልጇ እንዳይመለስባት።

4ኛ/ መዋያው የሚከፈትበት ሰዓት እንደ ቢሮ ሳይሆን እንደ ገበያው ይሁን፤ የቅዳሜ ገበያተኛ ልጅ ቅዳሜ መዋያ ያስፈልገዋልና።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ዜጎች ሁሉ በሕዝብ ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት እንዲጠቀሙ መብት ሰጥቶአል፤ መንግሥትም ለእነዚህ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ግዴታ አለበት ይላል። የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ስለ ሆነ፣ የከተማ ምክር ቤቶቻችን አባላት ከዚያ በፊት በሚሰበሰቡበት ጊዜ ይህን አንድ መስመር በበጀቱ መዝገብ ላይ እንዲያስገቡ በትሕትና አሳስባለሁ። ጋፋት ላይ የተሠራውን 70 ኩንታል የሚያህል ሴባስቶፖል ገደሉን እየናዱ እስከ መቅደላ የጎተቱት ከዚሁ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ነው። በዚህ አገር ለሕፃናት አንድ ክፍል መክፈት ከበደን ብንል የሚያምነን የለም።

ከአክብሮት ጋራ፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከገሳይ