አሮጌ ዕቃ ሁሉ ውዳቂ ነውን?



በዚህ ዓምድ ላይ ስለ ፈተና ውጤት፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ አውቶቡስ ሰልፍ ሲጻፍ እናነባለን። እኔ ዛሬ ስለ አንድ የሙዚቃ ምሽት ለመጻፍ ብዕር ማንሣቴ ለአንዳንድ አንባብያን ቀልድ መስሎ ይታያቸው ይሆናል። ነገሩ ግን ዞሮ ዞሮ በየመሥሪያ ቤቱ ግምጃ ቤት ተቆልፎበት ከሚኖረው ንብረት ላይ የሚደርስ ስለ ሆነ፣ የዚህም ጋዜጣ አንባቢ አብዛኛው የመንግሥት ሠራተኛ ስለ ሆነ፣ ጥቂት ቦታ እንዲሰጠኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ በስዊድን አገር በስቶክሆልም ከተማ የምትኖረው ታላቅ እኅቴ ጋብዛኝ ሦስት ሳምንት ያህል ከእርሷ ዘንድ ሰነበትሁ። አንድ ልጅ አላት፤ ዕድሜው 19 ነው። አማርኛውን አሳምሮ ይናገራል፤ ነገር ግን ክፍሉን ዘግቶ ቀኑን ሙሉ ጣቢያው እንደ ጠፋበት ሬዲዮ የሚጮኽ ነገር ሲነካካ ይውላል። እኅቴም፣ «እስቲ አንተ መምህር ነህና ምከርልኝ» አለችኝ። እኔም ምክሬን አዘጋጅቼ ብገባ ልጁ ቀደመኝና፣ «ጋሼ፣ ቅዳሜ ማታ የቺፕቱን ዝግጅት አለ፤ አብረን እንሂድ። ከዚያ በኋላ የፈለግኸውን ትመክረኛለህ» አለኝ። ቺፕቱን የተባለው ከአሮጌ የኮምፒዩተርና የጨዋታ መሣሪያዎች የድምፅ ቺፕ የሚወጣ ሙዚቃ መሆኑን በመንገድ ላይ ነገረኝ።

አዳራሹ በአንድ አሮጌ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ነበር። የመጣውም ሰው መቶ ቢሞላ ነው። እኔ የሙዚቃ ምሽት ሲባል ፒያኖና ጊታር፣ ከበሮና የነሐስ መሣሪያ ማየት የለመድሁ ስለ ሆንሁ ዓይኔ መድረኩን ሲፈልግ፣ ከአንዲት ጠረጴዛ በቀር ምንም አላገኘሁም። በጠረጴዛዋ ላይ ከመዳፍ ብዙ የማይበልጡ ሁለት ግራጫ ፕላስቲኮች ተቀምጠዋል። መሣሪያው ገና ተጭኖ የሚመጣ መስሎኝ፣ «ሙዚቀኞቹ ዘገዩሳ» ብለው፣ ልጁ ሣቀና መነጽር ወዳደረገች፣ ስትታይ የሒሳብ ክፍል ጸሐፊ ወደምትመስል አንዲት ወጣት አመለከተኝ።

ወጣቲቱም አንዲት ቁልፍ ተጫነች። መጀመሪያ የወጣው ድምፅ በጠርሙስ የተዘጋባት ተርብ የምታሰማው ዓይነት ነበር። ቀጥሎ ከበታቹ አንድ ወፍራም ድምፅ ገባ፤ ከዚያም የሐምሌ ዝናብ በቆርቆሮ ጣራ ላይ ሲወርድ የሚመስል ነገር ከበሮውን ይመታ ጀመር። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ያ የተርብ ጩኸት ዜማ ሆኖ፣ ዜማውም ከሌላው ጋር እየተቀባበለ አዳራሹን ሞላው። ሰው ሁሉ ይዘላል። እኔ እንኳ፣ ክራቫቴን እንዳሰርሁ፣ እግሬ ወለሉን ሲመታ ያዝሁት።

በዕረፍት ጊዜ ልጁ እየመራ ወሰደኝና ወጣቲቱ መሣሪያዋን አሳየችኝ። ስሙ ጌም ቦይ ነው። ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1989 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለልጆች መጫወቻ ብሎ ያወጣው ሲሆን፣ በአራት የባትሪ ድንጋይ ይሠራል። ድምፁም አራት ብቻ ነው። ሁለቱ ሻካራ ዜማ የሚያወጡ ናቸው፤ ሦስተኛውን ሙዚቀኛው ራሱ በ32 ነጥብ ቅርጹን ይሥለዋል፤ አራተኛው ዜማ የሌለው ሹሹታ ሲሆን ከበሮው የሚሠራው ከእርሱ ነው። አምስተኛ ቢፈልጉ የለም። በውስጧ የምትገባው ፕሮግራም ኤልኤስዲጄ ትባላለች፤ ዩሃን ኮትሊንስኪ የተባለ ስዊድናዊ በ2000 ያወጣት ናት። የመንግሥት ሠራተኛ ለሆነ አንባቢ ቢያያት እንግዳ አትሆንበትም፤ ምክንያቱም ገጿ እንደ ሒሳብ መዝገብ በዓምድ የተከፈለ ነውና። በየዓምዱ ኖታና ቍጥር ይጻፋል፤ ጊዜውም ከላይ ወደ ታች፣ ከመስመር ወደ መስመር ይወርዳል። ይህን የአጻጻፍ መንገድ በ1987 አሚጋ ለሚባለው ኮምፒዩተር ያበጀው ካርስተን ኦባርስኪ የተባለ ጀርመናዊ ነው ይባላል።

እኔን እጅግ የደነቀኝ ግን ሌላ ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ በመዘምራኑ ውስጥ ባስ ነበርሁ። አራት ድምፅ ማለት ለእኔ ሶፕራኖ፣ አልቶ፣ ቴኖርና ባስ ነው፤ አንዱ በጉንፋን የቀረ እንደ ሆነ መምህራችን በሃርሞኒየሙ ይሞላው ነበር። ይህች ወጣት ግን ከአራቱ አንዱን ለከበሮ፣ አንዱን ለባስ ከሰጠች በኋላ የቀሯት ሁለት ናቸው፤ ይሁንና በጆሮዬ አምስትና ስድስት ድምፅ እሰማ ነበር። እንዴት ቢሆን ነው ብዬ ብጠይቅ፣ አንዱ ድምፅ በሦስት ኖታዎች መካከል ከጆሮ በፈጠነ ፍጥነት እየተመላለሰ፣ ሦስት ሰው በአንድነት የዘመረ ያስመስላል አለችኝ። ይህ ዘዴ የእርሷ ፈጠራ አይደለም። በ1982 የወጣው ኮሞዶር 64 የተባለው ኮምፒዩተር የድምፅ ቺፑ ሦስት ድምፅ ብቻ ስለ ነበረው፣ እንደ ሮብ ሃባርድና እንደ ማርቲን ጎልዌይ ያሉት ብሪታንያውያን ከዚያች ሦስት ድምፅ ሙሉ ባንድ ለማውጣት በሰፊው ሠርተውበታል። ሦስት ብቻ ስለ ነበራቸው ዘዴውን ፈለጉት፤ ዘዴውም ተወዶ ችግሩ ካለፈ በኋላ ቀረ።

ያን ጊዜ ያሰብሁት የራሳችንን ነው። መሰንቆ አንድ ጅማት ብቻ አለው፤ ያውም የፈረስ ጭራ። የበገናውም ነዝናዛ ድምፅ ከጅማቱና ከድልድዩ መካከል ከሚገቡት ትናንሽ የቆዳ ቁራጮች፣ ከእንዚራዎቹ፣ የሚመጣ ነው። ለጆሮ እንግዳ የሆነ ሰው ይህን ቢሰማ መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ ያስብ ይሆናል። እኔም የእኅቴን ልጅ መሣሪያ በዝግ በር ሰምቼ የፈረድሁት እንደዚሁ ነበር።

ሁሉም ነገር አማረኝ ማለቴ ግን አይደለም። ከወጣቲቱ ቀጥሎ የወጣው ጐልማሳ ጩኸትን ከሙዚቃ የሚለይ አልነበረም፤ ጆሮዬ እስከ ማግሥቱ ድረስ ሲያቃጭል ውሏል። መሣሪያው ጥቂት ስለ ሆነ ብቻ ሥራው አያምርም።

ጌም ቦይን የሠሩት ሰዎች አለቃ ጉንፔ ዮኮይ የሚባል መሐንዲስ ነበር። ኒንቴንዶ ገና የጃፓን ካርታ እያተመ ይሸጥ በነበረ ጊዜ፣ በ1965፣ የማተሚያ መኪናዎቹን እንዲጠግን የተቀጠረ ሰው ነው። አሳቡም አዲስ የወጣውንና ውዱን ትቶ፣ ሰው ጠንቅቆ ያወቀውንና የረከሰውን ዕቃ ላልታሰበ አገልግሎት ማዋል ነበር። በዚያው በ1989 አታሪ ሊንክስ የተባለ ባለ ቀለም መሣሪያ ወጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ባትሪ ይበላል። ያ ቀለም አልባው የዮኮይ መሣሪያ በኋላ ከመጣው ባለ ቀለም ወንድሙ ጋር ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል።

አሁን ወደ ግምጃ ቤቱ ልመለስ። በማስተምርበት ትምህርት ቤት አንድ ክፍል አለ። በውስጡ የፕላዝማ ትምህርት ይተላለፍባቸው የነበሩት ቴሌቪዥኖችና ሆዳቸው የተነፋ አሮጌ ኮምፒዩተሮች እስከ ጣራ ተደርድረዋል። ካየኋቸው ኮምፒዩተሮች ገሚሱ ቢጠገን የሚሠራ ነው። ከስቶክሆልም ከተመለስሁ በኋላ፣ ለተማሪዎች የሙዚቃ ክበብ ሦስቱ ብቻ እንዲሰጡኝ በጽሑፍ ጠየቅሁ። የተሰጠኝ መልስ፣ ዕቃዎቹ «የሚወገድ ንብረት» ተብለው ስለ ተመዘገቡ ሊነኩ አይችሉም የሚል ነው። መቼ እንደሚወገዱ ብጠይቅ ኮሚቴ ይቋቋማል ተባልሁ። ኮሚቴው እስኪቋቋም ሊነኩ አይችሉም፤ ከተቋቋመ በኋላም ተሽጠው ይሄዳሉ። ይህን የምጽፈው በማንም ላይ ለመክሰስ አይደለም። ፈራሚውም ያለ መመሪያ ቢፈርም ነገ የሚጠየቀው እርሱ መሆኑን አውቃለሁ። መመሪያው ግን በር ሊኖረው ይገባል እላለሁ።

ይኸውም፣ በማናቸውም መሥሪያ ቤት የሚወገድ ኮምፒዩተር ለሽያጭ ከመቅረቡ በፊት፣ በአካባቢው ያለ ትምህርት ቤት በርእሰ መምህሩ ፊርማ እንዲረከበው ቢፈቀድ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ምስጢር ይወጣል የሚል ስጋት ቢኖር፣ መረጃ የሚቀመጥበትን ዲስክ አውጥቶ ማስቀረት ይቻላል፤ እኛ ብዙውን ከፍላሽ ማስነሣት አያቅተንም። ሚልኪ ትራከር የመሰለው፣ ያንኑ እንደ ሒሳብ መዝገብ ያለውን ገጽ የሚያሳየው ፕሮግራም፣ በነጻ የሚገኝ ከመሆኑም በላይ በደካማ ኮምፒዩተር ላይ ይሠራል።

በዚህ ላይ አንድ የሥራ ባልደረባዬ የተቃወመኝን ልጽፍ ይገባኛል። «ስዊድኖቹ አዲሱ ሞልቷቸው አሮጌውን በፈቃዳቸው መረጡ፤ የእኛ ልጆች ግን ምን አማርጠው ነው? ችግርን ጥበብ እያልህ አታስለምዳቸው» አለኝ። እውነቱን ነው። ላቦራቶሪ ለሌለው ትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ሊሠራለት ይገባል እንጂ አሮጌ ዕቃ ተሰጥቶት ዝም ሊባል አይገባም። እኔ የምለው ላቦራቶሪው እስኪመጣ ድረስ ተማሪው ዘጠነኛ ገብቶ ዐሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ይሄዳል ነው። የተቆለፈው ክፍል ግን ዛሬም አለ።

ይህን ያህል የምሟገተው ከበደሌ የተነሣ ጭምር እንደ ሆነ አልሸሽግም። ከ8 ዓመት በፊት አንድ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ በትምህርት ሰዓት ቴትሪስ የምትጫወትባትን በእጅ የምትያዝ መጫወቻ ጆሮው ላይ ለጥፎ አገኘሁት። ብቀማው፣ «እየተጫወትሁ አይደለም ቲቸር፤ ድምጿን እየሰማሁ ነው» አለኝ። ክፍሉ ሣቀ፤ እኔም ሣቅሁ፤ ወላጅ አምጣ አልሁት። ወላጅም አላመጣም፤ መጫወቻዋንም ዳግመኛ አልጠየቀኝም።

ከስቶክሆልም ተመልሼ መሳቢያዬን ብከፍት ከጠመኔ ሣጥን ሥር አገኘኋት። ባትሪዎቿ ዝገው ነበር። ዝገቱን በምላጭ ፍቄ አዲስ ድንጋይ ብከትባት ጮኸች። በጀርባዋ የልጁ ስም በስክሪብቶ ተጽፎአል። በመዝገብ ያለው የአባቱ ስልክ አይሠራም። ልጁ አሁን ትልቅ ሰው ሆኖ፣ ምናልባትም የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ፣ ይህን ጋዜጣ የሚያነብ ከሆነ፣ ዕቃው ከእኔ ዘንድ በደኅና እንዳለ ይወቅልኝ። በሥራ ሰዓት በመምህራን ክፍል መጥቶ ሊወስዳት ይችላል።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዲስ አበባ