የቀብሪበያ የወል መሬት፦ አጥር ሲበዛ ግጦሹ ለማን ይቀራል?

ከጅግጅጋ በስተደቡብ ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ቀብሪበያ፣ ከ30 ዓመታት በላይ ሁለት ማኅበረሰቦችን በአንድ የወል መሬት ላይ አቅፋ ኖራለች። አንደኛው ግመል፣ ከብት፣ በግና ፍየል የሚያረባው የአካባቢው ነዋሪ ነው። ሁለተኛው በ1983 ዓ.ም. በተከፈተው መጠለያ ጣቢያ የሚኖረው፣ ቁጥሩ ከ15 ሺህ የሚበልጠው የሶማሊያ ስደተኛ ነው። ሣሩም ማገዶውም የሚገኘው ከዚሁ ምድር ነው። ምድሩን ማን እንደሚያስተዳድረው ግን እስከ ዛሬ በቅጡ አልተወሰነም።

የሐውድ የግጦሽ ምድር ቀድሞ የሚተዳደርበት ሥርዓት ነበረው። ሜዳው ቋሚ የገጸ ምድር ውኃ ስለሌለው መንጋው በጉ እና በከረን ዝናብ ኩሬዎች ሲሞሉ ይወጣል፤ የጂላል በጋ ሲገባ ደግሞ የማይደርቅ ጉድጓድ ወዳለበት ይመለሳል። በመካከሉ መሬቱ ያርፋል፤ ሣሩም ዘር ለማፍራት ጊዜ ያገኛል። ግጭት ሲነሣ ሽማግሌዎች በሶማሌ ባህላዊ ሕግ፣ በሄር፣ ይዳኙ ነበር።

ይህን ሚዛን በመጀመሪያ ያናጋው ብርካ ነው። በሲሚንቶ የተለሰነው ይህ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ ካለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ በሐውድ ተስፋፍቷል። በድርቅ ወቅት ሕይወት ማዳኑ አይካድም። ይሁን እንጂ ብርካው የግል፣ በዙሪያው ያለው ሣር ደግሞ የወል በመሆኑ፣ ውኃ ገዝቶ መቆየት የቻለ ሰው ቀድሞ ያርፍ የነበረውን ግጦሽ ዓመቱን ሙሉ መጠቀም ቻለ። ቀጥሎ የመጣው አጥር ነው። ለእርሻ ወይም ለሚሸጥ ሣር የሚታጠረው የግል ክልል በተስፋፋ ቁጥር፣ ቀሪው መሬት ከአቅሙ በላይ ይረገጣል። ይህን ያየ ጎረቤትም ሳይቀደም ለማጠር ይቸኩላል።

ጫናውን የስደት ታሪክ አበረታው። በ1980 ዓ.ም. በሰሜን ሶማሊያ ጦርነት ሲፋፋም በአቅራቢያዋ ሐርትሼክ የተከፈተው ጣቢያ፣ በአንድ ወቅት ከ250 ሺህ በላይ ሰዎችን በማስጠለል በዓለም ካሉት ግዙፍ ጣቢያዎች አንዱ ሆኖ ነበር። ጣቢያው በ1996 ዓ.ም. ቢዘጋም የተራቆተው ምድር እንዳለ ቀርቷል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ሲከሽፉ ደግሞ፣ ከብቱ ያለቀበት አርብቶ አደር ከሚተርፉት ጥቂት የገቢ ምንጮች አንዱ ከሰል ማክሰል ነው። ለከሰል የሚመረጠው ገሎል የተባለው ግራር ግን ከተቆረጠ በኋላ በቶሎ የሚተካ ዛፍ አይደለም።

ቀብሪበያ መፍትሔ ሞክራ ታውቃለች። ጋያ የተሰኘው አገር በቀል ማኅበር ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ጋር በኢታኖል የሚሠሩ ምድጃዎችን በጣቢያው አሠራጭቶ፣ በ2000 ዓ.ም. የአሽደን ዓለም አቀፍ ሽልማትን ተቀብሏል። ለማገዶ ረጅም መንገድ ይጓዙ የነበሩ ሴቶች እፎይ አሉ፤ በእንጨት ሳቢያ ከነዋሪው ጋር የሚነሣው ግጭትም ረገበ። ነዳጁ ግን የሚመጣው ከሩቁ ፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ነበር። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር መደባለቅ ሲጀምር ሌላ ተሻሚ ተፈጠረ። አቅርቦቱ ከአካባቢው ውጭ በሆነ ነዳጅ ላይ ብቻ የተመሠረተ የዱር ጥበቃ፣ ነዳጁ በተቋረጠ ዕለት አብሮ ይቋረጣል።

የሕግ መሠረቱ አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 አርብቶ አደሮች ለግጦሽና ለእርሻ መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010ም፣ የቀድሞው አዋጅ 542/1999 ከግልና ከመንግሥት ይዞታ ውጭ ያልጠቀሰውን የማኅበረሰብ ደን ዕውቅና ሰጥቷል። አስቸጋሪው ነገር «ማኅበረሰብ» ማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው። ወሰኑ በቀበሌ ልክ ከተሰመረ፣ በዝናብ ወቅት ከሩቅ የሚመጣው መንጋ ባለመብትነቱን ያጣል። ወሰን ጭራሽ ካልተሰመረ ደግሞ አጣሪው የሚጠየቅበት አካል አይኖርም።

ከቦረና «ካሎ» የሚቀሰም ትምህርት አለ። ካሎ መንደሩ ተስማምቶ የሚከልለው ግጦሽ ሲሆን፣ በበጋ ለጥጆችና ለደከሙ ከብቶች ይከፈታል። ስለዚህ የቀብሪበያ ምርጫ በማጠርና ባለማጠር መካከል አይደለም። የሚለየው አጥሩን የሚያጥረው፣ የሚከፍተውም ማን እንደሆነ ነው። የወል ክልሎች በሽማግሌዎች ስምምነት ቢመዘገቡ፣ የእንግዳ መንጋ ማለፊያ በጽሑፍ ቢጠበቅ፣ አዲስ ብርካ ከመቆፈሩ በፊት የግጦሹ ተጠቃሚዎች ቢጠየቁ፣ ሴቶችና ስደተኞችም በማገዶ ውሳኔ ላይ ድምፅ ቢኖራቸው፣ ሄርና አዋጅ ሊደጋገፉ ይችላሉ። ይህ እስኪሆን ድረስ ግን እያንዳንዱ ዝናብ አልባ ወቅት ለቀሪው ግራር መጥረቢያ፣ ለቀሪው ሜዳ የእሾህ አጥር ይዞ መምጣቱ አይቀርም።