የሐሙሱ ጨዋታና የልጅ ልጄ ጥያቄ

ባለፈው ሳምንት የጀመርኩትን የልጆች ሳል ጉዳይ ለሚቀጥለው አሻግሬዋለሁ። የፊታችን ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 16፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ጨዋታ ስላለኝ ሐሳቤ ሁሉ እዚያ ነው።

ጨዋታ ስላችሁ አርሴናልና ማንቼ እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካኖቹ ፉትቦል ነው፤ ኳሷ በሁለት በኩል የሾለች፣ በእጅ ይዘዋት የሚሮጡበት፣ ሄልሜት አድርገው የሚላተሙበት። ዋሽንግተን ኮማንደርስ ከዳላስ ካውቦይስ። ሜዳው ሜሪላንድ ላንዶቨር ነው፤ ከልጄ ቤት ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ አይርቅም። እዚያ የፈረንጆቹ ገና ዕለት ከቀኑ 7 ሰዓት ይሆናል። በኔትፍሊክስ ስለሚተላለፍ እኔ እዚህ፣ እነሱ እዚያ፣ በስልክ እየተያየን እናያለን።

አምና ልጄ ጋ አምስት ወር ተቀምጬ ነበር። የልጅ ልጄ ያኔ 12 ዓመቱ ነው። የእሱ አማርኛ ጥቂት፣ የእኔ እንግሊዝኛ የሐኪም ቤት እንግሊዝኛ፤ ከ“በላህ?” እና “ተኛህ?” ያለፈ ወሬ አልነበረንም። አንድ እሑድ አጠገቤ ተቀምጦ ደንቡን በጣቱ እየቆጠረ ያስረዳኝ ጀመር። አራት ጊዜ ሞክረው አሥር ያርድ መግፋት አለባቸው፤ ካልቻሉ ኳሷ ለባላጋራ ታልፋለች። ያቺን ከያዝኩ በኋላ ሌላው ቀለለኝ።

ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም. እነዚሁ ሁለቱ ተጋጠሙ። ዋሽንግተን በሰባት ነጥብ እየተመራ 21 ሰከንድ ሲቀር ቴሪ ማክሎሪን በ86 ያርድ ተችዳውን አገባ። እኩል ለመሆን የቀረችው አንዲት ቀላል ምት ነበረች። ሳቷት! ወዲያው ዳላሶች ኳሷን አንስተው ሮጠው ጨመሩና 34 ለ 26 አለቀ። ልጁ ፊቱን በትራስ ሸፈነ። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ሶፋው ላይ ቆሞ ያጨበጭባል፤ የ60 ዓመት ሰው ነው እኮ! በታኅሣሥ 27 ግን ዋሽንግተን ዳላስ ድረስ ሄዶ፣ ሰከንዶች ሲቀሩ፣ 23 ለ 19 አሸነፈ። እኔም እልል አልኩ። በዚያው ደጋፊ ሆኜ ቀረሁ።

ወንድሜ ዋሽንግተን ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ ታክሲ ነድቷል። የሚኖርበትን ከተማ ትቶ ዳላስን ለምን እንደሚደግፍ ስጠይቀው፣ ከጥቁር አሜሪካውያን ሾፌሮች ተምሬ ነው አለኝ። የዋሽንግተን ቡድን የድሮ ባለቤት ጆርጅ ፕሬስተን ማርሻል ጥቁር ተጫዋች አላስገባም ብሎ እስከ እ.ኤ.አ. 1962 ድረስ የቆየ ሰው ነበር፤ ከሊጉ ሁሉ የመጨረሻው። የተበለጠውም መንግሥት በስታዲየሙ በኩል ስላስገደደው ነው። በዚህ የተነሣ ብዙ የከተማው ጥቁር ቤተሰቦች ልባቸውን ለዳላስ ሰጡ፤ ልጆቻቸውም ወረሱት። የሁለቱ ጠብ ራሱ ከዚሁ ሰውዬ ይጀምራል። ዳላስ እ.ኤ.አ. በ1960 ሲመሠረት ማርሻል ተቃወመ። የዳላሱ ባለሀብት ክሊንት መርቺሰን ታዲያ የዋሽንግተንን ቡድን መዝሙር መብት በጎን ገዝቶ፣ ድምፅህን ስጠኝና መዝሙርህን ውሰድ አለው ይባላል።

የልጅ ልጄ ይህን ሰምቶ ዝም አላለም። እ.ኤ.አ. በጥር 1988 ሱፐር ቦውልን ያሸነፈው የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክ ዳግ ዊሊያምስ የዋሽንግተን ተጫዋች አይደለም ወይ? ብሎ አጎቱን አፋጠጠው። ወንድሜ ቡናውን ጠጣ።

ዘንድሮ ሁለቱም ደህና አይደሉም። ዳላስ ወቅቱ ሊጀመር ሲል ማይካ ፓርሰንስን ለግሪን ቤይ ሰጥቶ ተከላካዩ እንደ ወንፊት ያፈሳል። ማጥቃቱ ግን ያስፈራል፤ ዳክ ፕሬስኮት ይወረውራል፣ ሲዲ ላምብና ጆርጅ ፒከንስ ይቀበላሉ። በጥቅምት 9ኙ ጨዋታ 44 ለ 22 ቀጥተውናል። የእኛው ኳርተርባክ ጄይደን ዳንኤልስ ደግሞ በጥቅምት 23 ግራ ክርኑ ወለቀ። ቡድኑ በ31 ነጥብ እየተመራ፣ ጨዋታው ካለቀለት በኋላ ነው የተጎዳው። ለምን እስከዚያ ሜዳ ላይ እንዳቆዩት አሁንም አይገባኝም። በኅዳር 28 ተመልሶ ያንኑ ክርን እንደገና ተጎዳና ለዘንድሮ አበቃለት። ያለው ተስፋ ኳሷን በእግር እየሮጡ፣ ሰዓቱን እየበሉ፣ ፕሬስኮትን ውጭ ማስቀመጥ ነው። ልቤ ዋሽንግተን ይላል። አእምሮዬ ዳላስ 31 ለ 24 ይላል።

እዚህ ላይ ነርስነቴ ጣልቃ ይገባል። የዋሽንግተኑ ጆ ታይስማን እግሩ የተሰበረው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 18 ቀን 1985 ነው። በ33 ዓመቱ፣ በዚያው ቀን፣ የዚያው ቡድን አሌክስ ስሚዝ እግሩ ተሰበረ፤ ሁለቱም ጨዋታዎች 23 ለ 21 አለቁ። ስሚዝ ቁስሉ አመርቅዞ ሊቆረጥ ደርሶ፣ 17 ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት፣ ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ቆይቶ ተመልሶ ተጫወተ። ቁስል ስጠርግ ለኖርኩ ሰው ይህ ተአምር ነው።

አጥንት ግን ይታያል፣ ይጠገናል። የሚያስፈራኝ ራስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ናይጄሪያዊው የአስከሬን መርማሪ ሐኪም ቤኔት ኦማሉ የፒትስበርጉን ዝነኛ ተጫዋች የማይክ ዌብስተርን አንጎል መርምሮ፣ ለዓመታት ሲደጋገም የኖረ ምት ያደረሰውን ጉዳት አሳየ። ይህ በሽታ እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት የሚታወቀው ሰው ከሞተ በኋላ ነው።

የልጅ ልጄ አሁን 13 ዓመቱ ነው። የሚጫወተው ፍላግ ፉትቦል የሚሉትን ነው፤ መጣጣል የለም፣ ከወገብ ላይ የተንጠለጠለችውን ጨርቅ መንጠቅ ብቻ። በሎስ አንጀለሱ የ2028 ኦሊምፒክም ይህ ይገባል። እሱ ግን በመጪው መስከረም ሃይስኩል ሲገባ ዋናውን፣ የሚላተሙበትን ልጫወት ይላል። እናቱ እምቢ፣ አባቱ እሺ። በመጨረሻ “እማማ ነርስ ናት፣ እሷ ትፍረድ” ተባባሉ። ፈረዱብኝ ማለት ይሻላል።

ባለፈው ወር ደወለልኝ። ከሦስት ቀን በፊት በፍላጉ ጨዋታ ከሌላ ልጅ ጋር ራስ ለራስ ተጋጭቶ ኖሯል። ለአሠልጣኙ አልነገረም፣ ጨዋታውን ጨርሷል። ራሱን እንደሚያመው፣ ብርሃን እንደሚወጋው፣ ክፍል ውስጥ የሚነበበው እንደማይገባው በተሰባበረ አማርኛ ነገረኝና “እማማ፣ ለእማዬ እንዳትነግሪ” አለኝ። ስልኩን እንደዘጋሁ ለእናቱ ደወልኩ። ሐኪም ጋ ወሰደችው፤ የአንጎል መናወጥ ነው ተብሎ አረፈ፣ ዳነ። እኔን ግን አሥራ አንድ ቀን አላናገረኝም። ቆጥሬአለሁ።

በሥራ ዘመኔ ራሱን ተመትቶ እየሳቀ ሲያወራኝ ቆይቶ በዚያው ሌሊት የደከመብኝ ወጣት አለ። ስለዚህ አልጸጸትም። ልጆቻችሁ በሰፈር ኳስም ሆነ ከብስክሌት ወድቀው ራሳቸውን ቢመቱ፣ ራሳቸውን አለመሳታቸው አያዝናናችሁ። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ያንኑ ጥያቄ መደጋገም ካያችሁ በዚያን ቀን ወደ ጨዋታ አይመለሱም። ደጋግሞ ካስመለሳቸው፣ ካንቀጠቀጣቸው፣ የዓይናቸው ብሌን እኩል ካልሆነ ወይም ቀስቅሳችኋቸው አልነቃ ካሉ አትጠብቁ፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሩጡ።

ባለፈው ቅዳሜ ስልኬ ጮኸ፤ እሱ ነው። ስለ ተፈጠረው አንድም ቃል አላነሣም። “እማማ፣ ሐሙስ ታያለሽ አይደል?” አለኝ። አያለሁ አልኩት። ፍርዴን ግን ከጨዋታው በኋላ እነግረዋለሁ።

ለእናንተ አሁን ልንገራችሁ፤ አማርኛ ማንበብ ስለማይችል አልፈራም። በፍላጉ ይቀጥል፣ ሁለት ዓመት ይቆይ። 15 ሲሞላው፣ ሲጎዳ በዚያው ሰዓት ተናግሮ እንደሚወጣ ካየሁ፣ እንደገና እንነጋገራለን። ያኔም እሺ ለማለቴ ዋስ አልጠራም። እንደሚያኮርፍ አውቃለሁ፤ የዚህኛው ኩርፊያ ከአሥራ አንድ ቀን ሊበልጥ ይችላል።

ለሐሙስ ፈንዲሻ አዘጋጅቻለሁ። ጾም ስለሆነ ቅቤ የለውም። እነሱ ቤት እናቱና ወንድሜ ይጾማሉ፣ ልጁና አባቱ የዶሮ ክንፍ ይበላሉ፤ ወንድሜ የዳላስ ማልያውን ለብሶ ክንፉን እያየ እንዲሰቃይ ነው። የመብራት ነገር ስለማይታወቅ ስልኬን ከቀትር ጀምሬ ቻርጅ አደርጋለሁ።